የሚሠራውን ዕቃ ማን አስረጀው?

ውድ ወጣቶች፣ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ከመቀጠላችሁ በፊት በኪሳችሁ ወይም በቦርሳችሁ ያለውን ስልክ አውጡና ተመልከቱት። ከእርሱ በፊት የነበረው ስልካችሁ የት ደረሰ? የተለወጠው ተበላሽቶ ነው ወይስ አሮጌ መስሎ ስለታያችሁ?

ይህን የምጠይቃችሁ ከዳር ቆሜ አይደለም። የኤሌክትሮኒክስ ፍቅር ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ነው። የአባቴን ሬዲዮ በቢላዋ ጫፍ ፈትቼ መልሼ መግጠም አቅቶኝ ተገርፌበታለሁ። ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ ሰባት ስልክ ይዣለሁ። ከሰባቱ በእርግጥ የተበላሹት ሁለት ብቻ ናቸው። ታዲያ የቀሩትን አምስቱን ማን አስረጃቸው? መልሱን ፍለጋ ወደ መቶ ዓመት ያህል ወደ ኋላ እንመለስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአምፖል እንጀምር። በ1924 መገባደጃ ላይ ታላላቅ የአምፖል አምራቾች በስዊዘርላንድ ከተማ በጄኔቫ ተስማምተው ፌበስ የተባለ ኅብረት አቋቋሙ። የጀርመኑ ኦስራምና የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ ከመካከላቸው ነበሩ። ገበያውን ተከፋፈሉ፤ የአንድ ተራ አምፖል ዕድሜም 1,000 ሰዓት እንዲሆን ወሰኑ። ከዚያ በፊት 1,500 እና 2,000 ሰዓት የሚያበሩ አምፖሎች ይሸጡ ነበር። የየፋብሪካው ናሙና እየተላከ ይመረመር ነበር፤ አምፖሉ ከተወሰነው ሰዓት በላይ ሲያበራ የተገኘ ፋብሪካ መቀጮ ይከፍል ነበር። ኅብረቱ የፈረሰው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ለአምራቾቹም ፍትሕ እናድርግ። ብዙ የሚቆይ አምፖል ለሚፈጀው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ብርሃን አነስተኛ ነው። በካሊፎርኒያ፣ ሊቨርሞር በምትባል ከተማ የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ከ1901 ጀምሮ የሚበራ አምፖል አለ፤ ብርሃኑ ግን እጅግ የደበዘዘ ነው። ስለዚህ ዕድሜን ማሳጠር ሁልጊዜ ተንኮል ብቻ አይደለም። ቅር የሚያሰኘው ገዢው ሳይጠየቅና ሳያውቅ መወሰኑ ነው።

ሌላው መንገድ በዚያው ዘመን በአሜሪካ የመኪና ገበያ ታየ። ሄንሪ ፎርድ ከ1908 እስከ 1927 ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪና ከ15 ሚሊዮን በላይ ሠርቷል። መኪናዋ ርካሽና ጠንካራ ነበረች፤ ለብዙ ዓመታት ቀለሟም ጥቁር ብቻ ነበር። ተወዳዳሪው ጄኔራል ሞተርስ፣ በአልፍሬድ ስሎን መሪነት፣ ሌላ ስልት ያዘ፤ የመኪናውን መልክና ቀለም በየዓመቱ መለወጥ። ያምናው መኪና እንደ ልብ ይሄዳል፤ ጎረቤት የዘንድሮውን ሲነዳ ግን ባለቤቱ ማፈር ይጀምራል። በአምፖሉ ያረጀው ዕቃው ነበር፤ በመኪናው ያረጀው የገዢው ዓይን ነው።

በ1932፣ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን ባደቀቀ ጊዜ፣ በርናርድ ለንደን የተባለ ሰው አንድ አነስተኛ ጽሑፍ አሳተመ። መንግሥት ለእያንዳንዱ ዕቃ ዕድሜ ይወስንለት፣ ዕድሜው ያለፈበት ዕቃ ተሰብስቦ ይውደም፣ ሕዝቡ አዲስ ሲገዛ ፋብሪካዎችና ሠራተኞች ሥራ ያገኛሉ የሚል ሐሳብ ነበረው። መንግሥት አልተቀበለውም። እኛ ግን ዛሬ ማንም ሳያስገድደን በገዛ ፈቃዳችን እንፈጽመዋለን።

አዲስ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። በ1954 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው የትራንዚስተር ሬዲዮ በእጅ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው የቤት ሬዲዮ በአብዛኛው ትልቅ ሣጥን ነበር፤ ኤሌክትሪክም ይፈልግ ነበር። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በ1963 ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ሲጀምር፣ መብራት ያልገባበት መንደር ድምፁን መስማት የሚችለው በእንዲህ ያለው የባትሪ ሬዲዮ ነበር። እንዲህ ያለው ለውጥ ትናንት የማይቻለውን ዛሬ የሚቻል ያደርጋል።

በዚያው በ1963 ፊሊፕስ የካሴት ቴፑን ለዓለም አስተዋወቀ። በቤታችሁ ያሉ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቁ፤ የመዝሙር ካሴት ሲበጠስ በእስክሪብቶ እየጠቀለሉ፣ በጥፍር ቀለም እየለጠፉ ዓመታት እንደሰሙት ይነግሯችኋል። በኋላ ሲዲ መጣ፤ ከዚያ ሚሞሪ ካርድ። እኔ በግሌ አንድን መዝሙር ሦስት ጊዜ ገዝቻለሁ። መዝሙሩ ያው ነው፤ ዘማሪውም ያው ነው።

ወደ ስልክ እንምጣ። የመጀመሪያው አይፎን በ2007 ለሽያጭ ቀረበ። ያ በእውነት ትልቅ ለውጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ታላላቆቹ ኩባንያዎች በየዓመቱ አዲስ ሞዴል ያወጣሉ፤ ልክ እንደ ስሎን መኪኖች። የአምፖሉም ታሪክ አልቀረም። የስልክ ባትሪ እየዋለ እያደረ መድከሙ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ድሮ ክዳኑን ከፍተን ራሳችን እንቀይረው ነበር፣ ዛሬ በአብዛኛው ስልክ ውስጥ ታሽጓል። በ2017 አፕል ባትሪያቸው የደከመ አሮጌ አይፎኖችን በሶፍትዌር እንደሚያዘገይ አመነ። ምክንያቱ ስልኩ በድንገት እንዳይጠፋ ነው አለ፤ ይህም ሊሆን ይችላል። ባለቤቶቹ ግን አስቀድሞ በግልጽ አልተነገራቸውም። ባትሪ መቀየር ይበቃቸው የነበሩ ሰዎች ስልካቸው ያረጀ መስሏቸው አዲስ ገዙ። በ2018 የጣልያን የገበያ ውድድር ባለሥልጣን በሶፍትዌር ማዘመኛዎች ሰበብ አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2027 ጀምሮ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣው የሚችል ባትሪ እንዲኖር የሚያዝ ደንብ አውጥቷል።

የተጣለውስ የት ይሄዳል? በተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ሪፖርት መሠረት በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ጥላለች። በአግባቡ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ ያነሰው ነው።

አሁን ስለ አምስተኛው ስልኬ ልንገራችሁ። ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። ገንዘቡ ለታናሽ እህቴ የኮሌጅ መመዝገቢያ እንዲሆን በቤተሰብ ፊት ቃል ገብቼ ነበር። በዚያ ሳምንት አዲሱ ሞዴል ሱቅ ገባ። ለሥራዬ ያስፈልገኛል ብዬ ራሴን አሳመንኩና ገዛሁት፤ ለእህቴ የምከፍለውን በሚቀጥለው ወር እሞላዋለሁ አልኩ። አልሞላሁትም። እህቴ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ቤት ተቀመጠች። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን ያን ስልክ በእርሷ ፊት ማውጣት ያሳፍረኝ ነበር። እንደ መካሻ አድርጌ አሮጌውን ስልኬን ሰጠኋት። በቀጣዩ ሴሚስተር ተመዘገበች። አንድ ጊዜ ሰፈራችን ያለ ጠጋኝ ባትሪውን ቀየረላት፤ ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ የትምህርት ጽሑፎቿን ያነበበችው በእርሱ ነው። ባለፈው ዓመት ተመረቀች፤ የምረቃዋንም ፎቶ ያነሳነው በዚያው ስልክ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ቀጣዩን ስልክ ልትገዙ ስትነሡ፣ የኅብረታችሁ ኪቦርድ ወይም ድምፅ ማጉያ ይቀየር ሲባልም፣ ሁለት ነገር ጠይቁ። በእጃችን ያለው መሥራት ያቃተው ምንድን ነው? የምናወጣውስ ገንዘብ ማን ይጠብቀው ነበር? መልሱ አጥጋቢ ከሆነ በደስታ ግዙ፤ እኔም መጥቼ አብሬአችሁ አያለሁ፤ ይህ ፍቅር ገና አልለቀቀኝም። ያኔ እህቴን አስቀርቼ የገዛሁት ስልክ ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው በሌላ ለውጬዋለሁ።