መኪናውን አትምቱት

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ንጉሥ፣ ጦርነትና ውል ነው። ውልስ ካልን ጋምቤላም የራሷ አላት። ሜይ 15 ቀን 1902 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል፣ ባሮ ዳር ከ2,000 ሜትር የማይበልጥ ዳርቻ ያለው መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ተከራየ። ይኼን ሁላችንም ተምረነዋል፤ ለፈተናም ሸምድደነዋል። ያልተማርነው ሌላ ታሪክ ነው። እሱም የብልሽት ታሪክ ነው።

እስቲ አስቡት። ባሮ የእንፋሎት መርከብ የሚሸከመው ክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ቡናው ወደ ሱዳን የሚወርደው፣ ጨውና ጨርቁ ወደ ጋምቤላ የሚወጣው በእነዚያ ጥቂት ወራት ነበር። ወንዙ ሲጎድል በውሃ የሚመጣ መለዋወጫ የለም፤ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ነው። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ኪራዩ አበቃና መሬቱ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ርቀቱ ግን አልተመለሰም። ዛሬም ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ነው ያለነው። እዚህ ሆኖ «መቼም ይቺ ትሆናለች» ብሎ በግምት ዕቃ ማዘዝ ዋጋ ያስከፍላል። ዕቃ ከማዘዝ በፊት ጥፋቱ የቱ ላይ እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህን ዕውቀት ከማን እንማር? እኔ የመረጥኩት አስተማሪ ቁም ነገረኛ መኪና አይደለም። የጨዋታ መኪና ነው። ፒንቦል ይባላል፤ ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ፍሊፐር ይሉታል። ጆተኒን የሚያውቅ ሰው ይህን ለማሰብ አይቸገርም። ወደ ተጫዋቹ ዘመም ያለ፣ ላዩ በመስተዋት የተሸፈነ፣ እግር ያለው ሣጥን ነው። ተጫዋቹ በሞላ የሚሠራ ዘንግ ስቦ ሲለቅ የብረት ኳስ ወደ ላይ ትፈተለካለች፤ ስትወርድ ከእንቅፋቱ ጋር እየተላተመች ነጥብ ታስቆጥራለች። መብራቱ ይበራል፣ ደወሉ ይጮኻል።

የትውልድ ከተማው ቺካጎ ነው። በ1931 የጎትሊብ ኩባንያ «ባፍል ቦል» የተባለውን አወጣ፤ ዋጋው 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ጊዜው የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ስለሆነ ሥራ የፈታው ሁሉ በአንድ ሳንቲም ጭንቀቱን ይረሳበት ነበር። ያኔ ሚስማርና ጉድጓድ እንጂ ኤሌክትሪክ አልነበረውም። በ1933 ሃሪ ዊሊያምስ የተባለ ሰው «ኮንታክት» በተባለ መኪና ላይ ደረቅ ባትሪና ኮይል ገጠመ፤ ጉድጓድ የገባችውን ኳስ ኮይሉ መልሶ ይተፋት ጀመር። በ1947 ደግሞ የጎትሊቡ ሃሪ ማብስ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» ላይ ስድስት ፍሊፐሮች ጨመረ። ፍሊፐር ማለት ተጫዋቹ ከጎን ያለውን ቁልፍ ሲጫን ኳሷን መልሶ የሚመታ ክንድ ነው። ከዚያ ወዲያ ተጫዋቹ ተመልካች መሆኑ ቀረ።

ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን ይህ ሣጥን ነጥብ የሚደምረው፣ ተራ የሚያስታውሰው በምኑ ነው? መልሱ ከስልክ ቤት ይመጣል። በ1891 አልሞን ስትሮውጀር የተባለ፣ የቀብር ሥራ ይሠራ የነበረ አሜሪካዊ ያለ ስልከኛ ሴት የሚያገናኝ የስልክ ማዞሪያ ፓተንት አገኘ። ያው እኛም አገር ምኒልክ በሐረርና በአዲስ አበባ መካከል የስልክ ሽቦ ያስዘረጉበት አሥርት ዓመት ነው። የስትሮውጀር ማዞሪያም ኋላ በብዛት የተመረተው እዚያው ቺካጎ ነበር። ፒንቦል ውስጥ ያሉት አካላት የዚሁ ማዞሪያ ዘመዶች ናቸው።

ዋናው ሪሌ ነው። የተጠቀለለ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ማግኔት ይሆንና አንዲት የብረት ምላስ ይስባል። ምላሷ ስትሳብ አንዳንዱ ኮንታክት ይገጥማል፣ አንዳንዱ ይላቀቃል። ከሚገጥሙት አንዱ ለራሱ ለኮይሉ ኤሌክትሪክ የሚያቀብል ከሆነ፣ ሪሌው መንገዱ ሌላ ቦታ እስኪቆረጥበት ድረስ እንደተሳበ ይቆያል። ማስታወስ ማለት ይህ ነው። ነጥቡን የሚቆጥረው ከ0 እስከ 9 የተጻፈበት ከበሮ ነው፤ አንድ ምት ሲደርሰው አንድ ቁጥር ይዞራል፤ ከ9 ወደ 0 ሲያልፍ ለጎረቤቱ ለአሥሩ ቤት አንድ ምት ያቀብላል። አንደኛ ክፍል የተማርነው መደመር በብረትና በሽቦ ተሠራ ማለት ነው።

አሁን ወደ ብልሽቱ እንምጣ። መጀመሪያ ነገር፣ የአሜሪካው መኪና ለ120 ቮልት ገደማ የተሠራ ሲሆን የእኛ አገር መብራት 220 ነው። በመካከል ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሳያደርግ የሰካ ሰው ብልሽት አይፈልግም፤ ራሱ ይሠራዋል። በውስጡም ሌላ ትራንስፎርመር አለ፤ በብዙዎቹ ለኮይሎቹ ከ24 እስከ 30 ቮልት፣ ለአምፖሎቹ 6 ቮልት ገደማ ያድላል።

መኪናው ጨርሶ ከሞተ ፊውዙ ይታያል። ተቃጥሎ ከተገኘ ብዙ ሰው ደስ ይለዋል፤ «አገኘሁት!» ብሎ በምትኩ ወፍራም ሽቦ ያስርበታል። ፊውዝ ግን ምስክር ነው እንጂ ወንጀለኛ አይደለም። ምስክሩን አፉን ቢያፍኑት ቀጥሎ የሚቃጠለው ኮይሉ ነው፤ ከዚያ ቤቱ።

ፍሊፐሩ ደከመ እንበል። ሰነፉ ባለሙያ አዲስ ኮይል ያዛል። አስተዋዩ ግን አሠራሩን ያስባል። በፍሊፐር ኮይል ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ፤ አንዱ በኃይል የሚስብ፣ ሌላው ቀስ ብሎ የሚይዝ። ክንዱ ባረፈበት ጊዜ አንድ የተገጠመ ኮንታክት ያዡን ያሳልፈውና ኤሌክትሪኩ ሁሉ ወደ ሳቢው ይሄዳል። ክንዱ ጥግ ሲደርስ ኮንታክቱ ይላቀቅና ያዡ ይገባበታል፤ ኮይሉም አይግልም። እንግዲህ ይህ ኮንታክት ከቆሸሸ ክንዱ ከመጀመሪያውም ይልፈሰፈሳል፤ መላቀቅ ካቃተው ደግሞ ኮይሉ ይጨሳል። ኮይሉ ደህና ሆኖ ሳለ ጥፋቱ ሁሉ በአንዲት ምላስ ነው።

ሌላ ጊዜ መኪናው ጨዋታ አልጀምር ይላል፤ ሞተሩ ይዞራል፣ አንዱ ከበሮ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ አያቆምም። ይህም ቋንቋ ነው። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ከበሮዎቹ ሁሉ 0 ላይ እስኪደርሱ ምት ይላክላቸዋል፤ 0 ሲደርስ «በቃኝ» የሚለው ኮንታክት ያልተላቀቀ ከበሮ ምቱን ይቀጥላል። የሚጮኸውን ሰምቶ ወደዚያ መሄድ ነው።

ጥፋቱ ድምፅ የሌለው ከሆነስ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የሽቦውን ሥዕል ዘርግቶ፣ ቴስተር ይዞ፣ መንገዱን መሐል ላይ መፈተሽ። እዚያ ድረስ ኤሌክትሪክ ከደረሰ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ካልደረሰ ወዲህ ነው። የቀረውን ደግሞ ለሁለት መክፈል። መቶ ኮንታክት ያለው መንገድ በሰባት ፍተሻ ያልቃል። ኮንታክቱ ሲገኝም ሶኬቱን ነቅሎ፣ አልኮል በነካ ጠንካራ ወረቀት መጥረግ እንጂ የብር ኮንታክትን በሞረድ መፋቅ ነውር ነው። እንደኛ ሙቀትና እርጥበት ባለበት አገር፣ በጋ ደግሞ አቧራው ሲጨመርበት፣ አብዛኛው «የሞተ» ዕቃ የቆሸሸ ነው እንጂ አልሞተም።

የተናደደ ሰው ግን ይመታል። ፒንቦልን የሠሩት ሰዎች ይህን አውቀዋል። ሣጥኑ ውስጥ በዘንግ የተንጠለጠለ ቁራጭ ብረት በብረት ቀለበት መሐል አለ፤ መኪናው ሲመታ ወይም ሲናጥ ብረቱ ቀለበቱን ይነካና ጨዋታው ይቆማል። ሳይጠየቅ ለሚደበድበው የተሠራ መልስ ነው!

መንግሥትም መትቶታል። በ1942 የኒውዮርኩ ከንቲባ ላ ጓርዲያ ፒንቦል የዕድል ጨዋታ፣ ማለት ቁማር ነው ብለው አገዱት፤ መኪናዎቹ በመዶሻ ሲደቀቁ ፎቶ ተነሣ። እገዳው እስከ 1976 ቆየ። በዚያ ዓመት ሮጀር ሻርፕ የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ በከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ቆሞ፣ ዘንጉን ከመሳቡ በፊት ኳሷ በየትኛው መንገድ እንደምታልፍ ተናገረ። ሳበ፤ ለቀቀ፤ ኳሷም ባለው መንገድ አለፈች። እገዳው ተነሣ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ልቤን የነካው ይህ ነው። ሻርፕ ያሸነፈው ነጥብ በማብዛት አይደለም፤ አስቀድሞ በመናገር ነው። ዕድልን ከሙያ የሚለየው ይኸው ነው። ጥሩ ጠጋኝም «ያቺ ኮንታክት ናት» ብሎ ተናግሮ ይከፍታል፤ ገማች ግን ከፍቶ፣ ለዋውጦ፣ ከሠራለት በኋላ ይናገራል። ሁለቱም አንዳንዴ ይሳካላቸዋል። ሁለተኛው ግን ለምን እንደተሳካለት ስለማያውቅ ነገ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

ከ1977 ጀምሮ ፋብሪካዎቹ ሪሌውን ትተው ወደ ማይክሮፕሮሰሰር ዞሩ፤ አሥርት ዓመቱ ሲያልቅ የድሮው ዓይነት መሠራቱ አበቃ። አዲሱ ፈጣን ነው፣ ርካሽም ነው። ግን ሐሳቡ በዓይን አይታይም። በሪሌው ዘመን ማሰብ ሲካሄድ ይታይ፣ ይሰማም ነበር።

እኛስ? በየቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን የቆመ ጄነሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ ማራገቢያ ሞልቷል። «ተበላሽቷል» የሚለው ቃል የመጨረሻ ፍርድ ሆኖብናል፤ መሆን የነበረበት ግን የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። የት ድረስ ይሠራል? ከየት ጀምሮ አቆመ? ወገኖቼ፣ መለዋወጫው ሩቅ ነው። ይህ ጥያቄ ግን ጭነት መኪና አይጠብቅም፤ ክረምትም አያስፈልገውም።