የጎመን ምንቸት ውጣ

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ የማለዳው ብርድ ጣት ማደንዘዝ ሲጀምር፣ ከቤት በስተጀርባ አንድ ጸጥ ያለ ሥራ ይካሄዳል። የመጨረሻው ጎመን ይቀጠፋል። ሐረጉ የጠወለገበት ዱባ እየተቆረጠ ወደ ቤት ይገባል። ድንቹ በዶማ ይወጣል፤ በእግሩ ላይ እንዳለ የቀላው ቃሪያ ተለቅሞ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አጨዳ ዘፈን አለው፤ ውቂያም ደቦ አለው፣ ጠላ አለው። የጓሮው ለቀማ ይህ ሁሉ የለውም። አንዲት ሴት ሰፌድ ይዛ ትወጣለች፤ ሞልታ ትመለሳለች፤ በዚሁ ያበቃል። ስለዚህ ሥራ ታሪክ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። እኔን ግን የአገራችንን ታሪክ ከአደባባይ በኩል ብቻ ሳይሆን ከጓሮም በኩል መመልከት እንደሚገባ የሚያስታውሰኝ ይህ ለቀማ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ወቅቱ ስም ጥቂት ልበል። በሊቃውንቱ አከፋፈል ዓመቱ አራት ወቅቶች አሉት፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ይባላል። ዛሬ ብዙዎቻችን ይህንኑ ጊዜ «ጸደይ» እንለዋለን፤ በቀደመው ሥርዓት ግን ጸደይ የሚጀምረው መጋቢት 26 ቀን ነው። ቤተ ክርስቲያን የመፀውን የመጀመሪያ አርባ ቀናት፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን፣ ዘመነ ጽጌ ትላቸዋለች፤ የአበባ ዘመን ማለት ነው። በማሕሌቱ አበባ የውበትና የተስፋ ምሳሌ ነው። በጓሮ ግን ሌላ ትርጉም አለው። ጎመን ግንዱን አስረዝሞ ቢጫ አበባውን ሲያወጣ ቅጠሉ ያንሳል፣ ይጠነክራል፣ ምሬትም ያበዛል። ስለዚህ አበባው ለቃሚዋን «ፍጠኚ» የሚላት ምልክት ነው። ከኋላው ደግሞ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይመጣል፤ በደጋ አገር በአንድ ሌሊት የጣለ ውርጭ የዱባንና የድንችን ቅጠል ለማጥቆር ይበቃዋል።

ቋንቋችን ራሱ የጓሮን ነገር በወር ስም ውስጥ ይዞ ኖሯል። በግዕዝ «ሐምል» ማለት ቅጠላ ቅጠል፣ ጎመን ማለት ነው፤ ትግርኛም እስከ ዛሬ ጎመንን «ሓምሊ» ይለዋል። ሐምሌ እንግዲህ የቅጠል ወር ነው። የስሙን ውበት ለማድነቅ ከመቸኮላችን በፊት ግን ገበሬው ይህን ወር እንዴት እንደሚያውቀው እናስብ። በሐምሌ ጎተራው ተሟጧል፤ ከአምናው እህል የተረፈው ለዘር ወጥቷል፤ አዲሱ ገና ቡቃያ ነው። ማሳው አረንጓዴ ለብሷል፤ የሚበላ ነገር ግን አልያዘም። የሚበላው አረንጓዴ ያለው በጓሮ ነው። ወሩ በጎመን መጠራቱ ሰው በምን እንደሚያልፈው ለመናገር ይመስለኛል።

ይህን ካሰብን በኋላ ነው በዘመን መለወጫና በመስቀል ሰሞን የሚባለውን የቆየ አባባል መስማት ያለብን፦ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ።» ሁለት ሐረግ ብቻ ናት፤ ነገር ግን የአንድ ዓመት የእህል ታሪክ ይዛለች። ለምን ገንፎ? ገንፎ በአብዛኛው የገብስ ነውና፤ ገብስ ደግሞ ከጤፍና ከስንዴ ቀድሞ የሚደርስ እህል ነው። ጤፉ እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ይቆያል። የጎመኑን ምንቸት ገፍትሮ የሚያስወጣው የመጀመሪያው እህል እንግዲህ ገብስ ነው። አባባሉን ያወጣው ሰው ማሳውን እያየ ቀን ሲቆጥር የኖረ ሰው እንደነበር ልብ ይሏል።

ነገር ግን በዚህ አባባል ውስጥ አንድ ውለታ ቢስነት አለ። ሰው ሐምሌንና ነሐሴን ያሳለፈበትን ምንቸት እንደ ክፉ እንግዳ ያባርረዋል። «ጎመን በጤና» ስንልም ጎመኑን ማመስገናችን አይደለም፤ ጤና እስካለ ድረስ ዝቅተኛውንም እንቀበላለን ማለታችን ነው። ጎመን የድህነት ምልክት ሆኖ ኖረ። ታሪክ ጸሐፊውም በግብር ቀን የታረደውን ሰንጋና የተጣለውን ጠጅ ይቆጥራል እንጂ በሐምሌ ስንት እስር ጎመን እንደተቀጠፈ አይቆጥርም። ረኃብን የምናውቀው በሞቱት ነው፤ ያልሞቱት ምን በልተው እንዳልሞቱ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ክፉ ቀን እንመለስ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገሪቱን የመታው ያ ታላቅ ረኃብ ከሰው በፊት በሬውን ነው የጀመረው። በ1887 እ.ኤ.አ. ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደገባ የሚነገረው የከብት ደስታ በሽታ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አብዛኛውን የአገሪቱን ከብት ጨረሰ። ይህ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ የታወጀው ገና በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። ሞፈርና ቀንበር በየቤቱ ነበረ፤ የሚጎትተው ግን ጠፋ። በበሬ ጫንቃ ላይ የቆመ ግብርና በሬው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ።

በዚያ ዘመን ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደቆፈሩ፣ መኳንንቱና ሕዝቡም እንዲሁ እንዲያደርጉ እንዳበረታቱ በታሪካቸው ተጽፏል። ይህን በምናነብበት ጊዜ የምናደንቀው የንጉሡን ትሕትና ነው፤ ማድነቃችንም ተገቢ ነው። እኔን ግን ሌላም ነገር ያስደንቀኛል። ያ ዶማ አዲስ ግኝት አልነበረም። በየቤቱ ጓሮ አንዲት ሴት በየዓመቱ ይዛው ኖራለች። በልማዳችን ሞፈር የወንድ ነው፤ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ጓሮው ደግሞ ከጥንትም በሬ አይገባበትም፤ የሚቆፈረው በእጅ፣ የሚዳብረው በአመድና በፍግ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በችግር ቀን ለሠራዊታቸውና ለገበሬያቸው ያሳዩት ሥራ በሴቲቱ ጓሮ ማንም ሳያየው ሲሠራ የኖረ ነበር።

ጓሮ አገር አዳነ ማለቴ አይደለም። ቢያድን ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ባላለቀ። አንበጣ ጎመንንና ጤፍን አይለይም፤ ዘሩን የበላ ቤት ጓሮውም ባዶ ነው፤ ከቀየው የተሰደደ ሰው ጓሮውን ተሸክሞ አይሄድም። ማለት የምፈልገው ይህን ያህል ነው፦ ማሳ የሚቆመው ጥንድ በሬ ሲኖር ነው፤ ጓሮ የሚቆመው አንዲት ጤነኛ ሴትና አንድ ዶማ ሲኖሩ ነው። ከሁለቱ የትኛው የመጨረሻ መጠጊያ እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ሁለተኛም ነገር አለ። እህል ይከማቻል፣ ይሰፈራል፣ ይጫናል፤ ስለዚህም ይወሰዳል። አሥራት የሚወጣው ከእህሉ ነበር፤ በባላገር ቤት የተመራ ወታደርም ዓይኑን የሚጥለው ጎተራው ላይ ነው። ጎመን ግን በማግስቱ ይጠወልጋል፤ ድንችም ከአፈር በታች ተደብቆ ይቆያል። ዐውድማ ላይ ቆሞ የሚያሰፍር ጭቃ ሹም ጓሮ ገብቶ ቅጠል ይቆጥራል ብዬ አላስብም። የጎመን ርካሽነት፣ ያ የተናቀበት ባሕርይው፣ ጋሻውም የነበረ ይመስለኛል።

ይህ የተናቀ ጓሮ ለዓለም ክፍት የሆነ ስፍራም ነበር። ጎመኑ የራሳችን ነው፤ ናጋሃሩ ዩ የተባለው ተመራማሪ በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት እንደታወቀው የሐበሻ ጎመን የጥቅል ጎመን ወገንና ጥቁር ሰናፍጭ በተፈጥሮ ተዳቅለው የሰጡን ተክል ነው። ድንቹ በአንጻሩ የሩቅ እንግዳ ነው፤ በ1858 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ አገራችን ያስገባው በትግራይ ለረጅም ዓመታት የኖረው ጀርመናዊው የዕፅዋት አጥኚ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይጻፋል። የቃሪያው፣ የዱባውና በአጥሩ ሥር የቆመው በቆሎ የትውልድ አገር አሜሪካ ነው፤ በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ብለው የጠሩት አባቶች እንግዳነቱን በስሙ ላይ ጽፈውታል። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚለው ተረት ሳይቀር ሁለት ክፍለ ዓለማትን ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ ዱባው ከአሜሪካ፣ ቅሉ ከአፍሪካ። እነዚህ እንግዶች መጀመሪያ የተሞከሩት በሰፊው ማሳ ሳይሆን በጓሮ ጥግ ይመስለኛል፤ ሰው የማያውቀውን ዘር የዓመት ቀለቡ በሚበቅልበት መሬት ላይ ለመዝራት አይደፍርምና።

ወደ ለቀማው ልመለስ። የመጨረሻ የምንለው ቅጠፋ በእውነቱ የመጨረሻ አይደለም። በልጅነቴ ባየኋቸው የደጋ ጓሮዎች ሁለት ወይም ሦስት የጎመን እግር ሳይቀጠፍ ይተው ነበር፤ የሚተዉትም የደከሙት ሳይሆኑ ከሁሉ ያማሩት ናቸው። አበባቸው ረግፎ የዘሩ ቆብ እስኪደርቅ ይጠበቃሉ። ዘሩ ተወቅቶ ከፊሉ ምጣድ ለማሰሻ ይውላል፤ ከፊሉ በጨርቅ ተቋጥሮ ወይም በቅል ተደርጎ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀላል። ከዱባውም መልካሙ ለዘር ይለያል። ልጅ በሚያለቅስበት ቤት ያንን ቋጠሮ ሳይነኩ መክረም ምን ያህል ጽናት እንደሚጠይቅ ያየ ያውቀዋል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የሰብል ዘር ሰበሰበ፤ አገራችንንም ከዓለም የሰብል መነሻ ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዘገባት። እርሱ ራሱ በ1943 እ.ኤ.አ. በሳራቶቭ እስር ቤት በረኃብ ተዳክሞ ሞተ። ስሙ በመጻሕፍት ይኖራል፤ መኖርም ይገባዋል። ዘሩን ከትውልድ ወደ ትውልድ በቋጠሮ ያሻገሩት እናቶች ስም ግን አልተጻፈም።

ለቀማው ካለቀ በኋላ በጓሮ የሚቀረው የደረቀ ሐረግ፣ አገዳና አረም ነው። ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ጥራጊው ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ይህ ልማድ ዛሬ የሚታሰበው በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሰው ከጨረሰው የኅዳር በሽታ ጋር ነው፤ በሌላው ዓለም የስፔን ኢንፍሉዌንዛ ከተባለው ወረርሽኝ ጋር ማለት ነው። ያ ጭስ የሞቱትን ያስታውሰናል። በሕይወት ያቆየንን ነገር የምናስታውስበት ቀን ግን የለንም። ቀኑን ፈልጉ ብባል፣ የመጨረሻው ጎመን የሚቀጠፍበትን የመፀው ማለዳ እመርጥ ነበር።

አባባሉን ለመሻር አልነሣሁም። አባቶቻችንና እናቶቻችን ገብሱ ሲደርስ መደሰታቸው መብታቸው ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ጎመን የበላ ሰው ገንፎ ሲያይ እልል ቢል ማን ይፈርድበታል? ነገር ግን ቃሉን በጥንቃቄ እንስማው። ምንቸቱን «ውጣ» ይለዋል እንጂ «ተሰበር» አይለውም። የቤቲቱ እመቤት አጥባ፣ አፉን ደፍታ፣ በጓዳው ጥግ ታስቀምጠዋለች። ሐምሌ እንደሚመለስ ታውቃለችና።