የሐይቅ ዳር ታሪክ፦ ጉማሬ፣ አምባዛና ፊላ

በዛሬው የመሠረተ ትምህርት ንግግራችን ታሪክ እንማራለን። ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ንጉሥ፣ ጦርነትና ውል ነው። ከግራና ወደ መርሳ ወጥቶ የደሴን መንገድ የያዘ መንገደኛ ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ሲደርስ ስለ 1881 ዓ.ም. ውል አንድ ነገር ሳይናገር አያልፍም። ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ግን የዓሣ ጥብስ ያዛል፣ ይበላል፣ እጁን ታጥቦ ይሄዳል። ስለ ውሃው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የውሃ ዳርም እኮ ታሪክ አለው፤ ሣሩ፣ ወፉ፣ ዓሣው ሁሉ።

እኛ የሐብሩ ሰዎች ባሕር የለንም። ለእኛ ቅርብ የሆነው ሰፊ ውሃ ይኸው ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ በተራሮች መካከል ተቀምጧል። ጥልቀቱ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከላይ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ውሃ ይወርድለታል፤ ከእርሱ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ ግን የለውም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። መውጫ የሌለው ውሃ ዝናብ ሲበዛ ይሞላል፣ ዝናብ ሲያጥር ደግሞ ዳሩ ወደ ውስጥ ይሸሻል። ከተራራው የሚታጠበውም አፈር እዚያው ይቀራል እንጂ የትም አይሄድም።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ቤት ያቋቋሙበት የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚሁ ውሃ ላይ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩበት ቦታ አንዱ ነው። ገዳሙ ያን ጊዜ በደሴት ላይ ነበር። ዛሬ የሄደ ሰው ግን በእግሩ ይገባል፤ ውሃው ዝቅ ብሎ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዟልና። የአካባቢው ሽማግሌዎች ደግሞ የሐይቁን አፈጣጠር በሌላ መንገድ ያወሩታል። አንዲት ነፍሰ ጡር በመስፍን ልጅ ተበደለች፣ እግዚአብሔር ተቆጣ፣ እርሷ ከቆመችበት መሬት በስተቀር ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆነ ይላሉ። ተረቱን ያወጣው ሰው ገዳሙ በውሃ የተከበበ መሆኑን በዓይኑ ያየ ነው ብዬ አምናለሁ። በእግር የሚገባበትን ቦታ ያየ ሰው እንዲህ ያለ ተረት አያወራም።

በዓይኑ አይቶ የጻፈውን ሰው ደግሞ እናውቀዋለን። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይባላል፤ ፖርቱጋላዊ ቄስ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520 ከፖርቱጋል ንጉሥ ልዑካን ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር መጣና ስድስት ዓመት ያህል ቆየ። መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ታተመ። ታዲያ ይህ ቄስ ሐይቅ ዳር ቆሞ ምን አየ? መነኮሳቱ ወደ ደሴቱ የሚሻገሩት ከውሃ ዳር በሚበቅል ተክል በተሠራ ታንኳ ነው ይለናል። ተክሉ በአገሩ ምንጣፍ ከሚሠራበት ጋር አንድ ነው ማለቱ ነው፤ እኔ ፊላ ይመስለኛል። ፊላውን ይነጥፋሉ፣ ከላይና ከታች እንጨት አድርገው ያስሩታል፣ በአራቱ ማዕዘን ትልልቅ ቅል ያንጠለጥላሉ። ቅል በውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ ውሃ የቀዳ ሁሉ ያውቀዋል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአሕመድ ግራኝ ጦር ወደዚያው ደሴት ለመሻገር መንሳፈፊያ መሥራት ግድ ሆኖበታል።

አልቫሬዝ በውሃው ውስጥ ስለሚኖሩ ትልልቅ እንስሶችም ይጽፋል። ስማቸውን የጻፈው በአገሩ ቋንቋ ብቻ አይደለም፤ የእኛን ሰዎች ጠይቆ «ጉማሬ» የሚለውን ቃል እንደ ሰማው በራሱ ፊደል አስቀመጠው። ከዚያ ስለ አንድ ዓሣ ይናገራል። ራሱ እንደ ትልቅ ጓጉንቸር አስቀያሚ፣ ገላው ለስላሳ፣ ሥጋው ግን ሰብ ያለውና እጅግ የሚጣፍጥ ነው ይላል። ዓሣ አስጋሪ ይህን ሲሰማ አንድ ስም ብቻ ነው የሚጠራው፦ አምባዛ። አምስት መቶ ዓመት ያለፈው መግለጫ ዛሬም ገበያ ላይ ያለውን ዓሣ ያስለያል ማለት ነው።

ጉማሬው ግን ዛሬ በሐይቅ የለም። ጉማሬ ቀን በውሃ ይውላል፣ ሌሊት ወደ ዳር ወጥቶ ሣር ይግጣል። የውሃው ዳር ሲታረስ ሣሩ ያልቃል፤ እህል ከበላ ደግሞ ከገበሬ ጋር ይጣላል። ቆዳውም ይፈለግ ነበር። ብዙዎቻችን እንስሳውን አይተነው አናውቅም፤ «ጉማሬ» ሲባል የምናውቀው ከቆዳው የሚሠራውን አለንጋ ነው። ወደ ውሃው ታች ሳይሆን ወደ ከብት ነጂው እጅ የሄደ ስም ሆኗል።

እስቲ ለአንድ አፍታ ወደ ቀይ ባሕር እንሂድ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1761 የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረብ አገር አጥኚዎችን ላከ። ከእነርሱ አንዱ ጴጥሮስ ፎርስኮል የሚባል፣ የታዋቂው የሊኔየስ ተማሪ ነበር። በቀይ ባሕር ዳርቻ ተክሎችንና ዓሦችን ሰበሰበ። በጨው ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚያድገውን፣ በኤርትራ ዳርቻም ያለውን የማንግሮቭ ዛፍ ለሳይንስ ከመዘገቡት ቀዳሚው እርሱ ነው። ዓሦቹን በተመለከተ ደግሞ ብዙ ምሁራን የማያደርጉትን አደረገ፤ ዐረብ ዓሣ አስጋሪዎችን «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። የነገሩትንም ስም ጻፈ። ቦሐር፣ ሐራክ፣ ማህሴና የሚሉት የአስጋሪዎች ቃላት ዛሬም በዓለም ሳይንሳዊ መጻሕፍት የዓሦቹ መጠሪያ ሆነው ይኖራሉ። ፎርስኮል በ1763 በየመን በወባ ሞተ፤ 31 ዓመቱ ነበር። ከጓደኞቹ በሕይወት ወደ አገሩ የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የሟቹን ማስታወሻ በ1775 አሳተመለት።

ወደ ሐይቃችን እንመለስ። ዛሬ መንገደኛው ከተማው ውስጥ ጠብሶ የሚበላው ዓሣ ከአልቫሬዝ አምባዛ ይልቅ ብዙ ጊዜ ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ግን ለሐይቅ እንግዳ ነው። ከሌላ ውሃ ተወስዶ የተጨመረው በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም ባክስተርና ጎሎቢትሽ የተባሉ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን 1970 (በእኛ 1962 መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች እንዳይምታቱባችሁ) ባወጡት ጽሑፍ ውሃው ጥርት ያለ ነበር። ቆሮሶው ከገባ በኋላ የመጡ አጥኚዎች ያገኙት ግን በረቂቅ አረንጓዴ ተክል የደፈረሰ ውሃ ነው። ምክንያቱን ሲፈልጉ ከጠረጠሩት ነገር አንዱ ይኸው ዓሣ ነው። አረንጓዴውን የሚበሉትን ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት እርሱ ሲበላቸው አረንጓዴው ያለ ከልካይ ይበዛል። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርም ያግዘዋል። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ውሃው መልኩን ለወጠ ማለት ነው።

ዳሩ ለዚህ ነው የሚያሳስበኝ። ፊላውና ቄጠማው ከላይ የሚወርደውን አፈር ያስቀሩታል፤ ለይብራና ለሳቢሳ መጠለያ ይሆናሉ። ቆሮሶ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው የዳር ውሃ ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም የሚያድጉት እዚያው ነው። አምባዛም ክረምት ሲገባ ሊራባ የሚወጣው ውሃ ወዳጥለቀለቀው ሣር ነው። ፊላው ታጭዶ እስከ ውሃው ጫፍ ከታረሰ፣ ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብም በዳር በኩል ከተጎተተ፣ የሚያዘው የዘንድሮው ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የከርሞውም ነው። መረቡን የሚጎትተው ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ቤቱ የሚጠብቁት ልጆች አሉ። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው።

እንግዲህ ፊደል ለይታችሁ መጻፍ የጀመራችሁ፣ በተለይ በውሃ ዳር የምትኖሩ፣ የዚህ ሳምንት የጽሕፈት መልመጃችሁ እንዲህ ነው። ከውሃው ዳር የማይነቃነቅ አንድ ትልቅ ድንጋይ ወይም ሾላ ምረጡ። ከእርሱ እስከ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነ ቆጥራችሁ ወሩንና ቀኑን ጻፉ። ቀጥሎ አባት እናቶችን ጠይቁና ከዳር የሚበቅሉትን ተክሎች፣ የሚያርፉትንም ወፎች በሚጠሯቸው ስም መዝግቡ። ሁለት ሰው ለአንድ ወፍ ሁለት ስም ከነገራችሁ ሁለቱንም አስቀምጡ፣ አንዱን አትሰርዙ። ዛሬ የማይገኝ ነገር ከነገሯችሁም መጨረሻ ያዩት መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ ከጎኑ አስፍሩ። ደብተራችሁን ለመምህራችሁ አሳዩ።