ቬኒስ እና የአንድ ቀን እንግዳዋ

ቬኒስ በሰሜን ምሥራቅ ኢጣሊያ፣ ከአድርያቲክ ባሕር በቀጭን የአሸዋ ደሴቶች በተከለለ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የተመሠረተች፣ መንገዶቿ በአብዛኛው ቦዮች የሆኑ ከተማ ናት። ያለ ጀልባ የሚደርስባት ስላልነበረ፣ ማን እንደሚገባ፣ የት እንደሚያርፍና ምን ያህል እንደሚቆይ የመወሰን ሥልጣን ለዘመናት በቬኒስ ሪፐብሊክ ሹማምንት እጅ ነበር። ዛሬ ማለዳ ድንገት ተነሥቶ ቬኒስን አይቶ ማምሻውን ወደ ቤቱ የሚመለስ መንገደኛ የሚያደርገው ነገር፣ በዚያ ዘመን ከቶ የማይታሰብ ነበር።

የጀርመን ነጋዴዎች በሪያልቶ ድልድይ አጠገብ ከ1228 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ጀምሮ በተሠራላቸው «ፎንዳኮ» እንዲያርፉና ንግዳቸውንም እዚያው እንዲያካሂዱ ይገደዱ ነበር፤ ፎንዳኮ ማለት ማደሪያን፣ መጋዘንንና የቀረጥ መሰብሰቢያን በአንድ ጣሪያ ሥር ያዋሐደ ሕንፃ ነው። ወረርሽኝ ከሚጠረጠርበት አገር የመጣ መርከብ ደግሞ በ1468 በተቋቋመው ላዛሬቶ ኑቮ በተባለው የማቆያ ደሴት ሰውም ሸቀጥም ተነጥሎ ይሰነብት ነበር፤ «ኳራንቲን» የተባለው ሥርዓት ስሙን ያገኘው ከዚሁ የአርባ ቀን ቆይታ ነው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ተሳላሚዎችም መርከብ እስኪነሣ ድረስ ሳምንታት በከተማዋ ይቆዩ ነበር።

ኢትዮጵያውያንም ከእነዚህ የቆዩ እንግዶች መካከል ነበሩ። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች፣ በፍሎረንሳዊው አንቶኒዮ ባርቶሊ መሪነት፣ ነብሮችን ጭምር በገጸ በረከትነት ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በኋላም ቬኒሳዊው አሌሳንድሮ ዞርዚ ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ቃል የአገራቸውን የጉዞ መንገዶች እየጠየቀ ጽፏል። እንዲህ ያለው ሥራ ሊሠራ የሚችለው እንግዳው ተቀምጦ ሲነጋገር ብቻ ነው፤ በዚህ ጸሐፊ እምነት ከተማዋ በኋላ ያጣችው ትልቁ ሀብትም ይኸው ነው።

ሪፐብሊኩ በ1797 ለናፖሊዮን እጁን ከሰጠ በኋላ፣ በኦስትሪያ አገዛዝ ዘመን፣ ጥንታዊው ሥርዓት ከመሠረቱ ተለወጠ፤ በጥር 1846 ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም፣ በ222 ቅስቶች ላይ የቆመ የባቡር ድልድይ ተከፍቶ ከተማዋን ከየብስ ጋር አገናኛት። ጣቢያው መስፋት ሲያስፈልገው የቅድስት ሉቺያ ቤተ ክርስቲያን በ1861 ፈረሰች፤ ጣቢያው ግን እስከ ዛሬ በቅድስቲቱ ስም ይጠራል። ከባቡር የወረደውን ሰው ወደ ሪያልቶ ለማድረስ ቤቶችን ሰንጥቆ የተከፈተው ሰፊ መንገድ፣ ስትራዳ ኖቫ፣ በ1871 አለቀ፤ በ1881 በእንፋሎት የሚሄዱ የሕዝብ ጀልባዎች ሥራ ሲጀምሩም፣ እንጀራቸው የተነካባቸው የጎንዶላ ቀዛፊዎች አድማ መቱ። በ1933 የመኪና ድልድይ ሲጨመር ውሃው መከላከያ መሆኑ አበቃ።

መግቢያው ለእንግዳ ሲቀል ነዋሪው ግን ተመናመነ፤ በ1951 በአሮጌዋ ከተማ ከ170 ሺህ የሚበልጥ ሰው ይኖር ነበር፤ በ2022 ቁጥሩ ከ50 ሺህ በታች ወረደ። የኑሮ ውድነት፣ የሥራ ማጣትና በኅዳር 1966 የደረሰው ከፍተኛ ጎርፍ ነዋሪውን ገፍተውታል፤ ለቱሪስት ማደሪያነት የተለወጡት ቤቶችም ሊመለስ የሚፈልገውን ሰው ቦታ አሳጥተውታል።

በሚያዝያ 2024 የከተማዋ አስተዳደር በተመረጡ ቀናት፣ ሳያድሩ ከሚመለሱ ጎብኚዎች 5 ዩሮ ማስከፈል ጀመረ፤ በ2025ም ቀድሞ ሳይመዘገብ በመጨረሻው ሰዓት የሚወስን ሰው 10 ዩሮ እንዲከፍል ደነገገ። ክፍያው በድንገት መነሣትን ያስወድዳል እንጂ ለጎብኚው ቁጥር ጣሪያ አያበጅለትም፤ የቀድሞዎቹ ሹማምንት ግን ከገንዘቡ አስቀድመው እንግዳው የት እንደሚያድር ይጠይቁ ነበር።