ዝም ያለው ደወል

ለመሆኑ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ ትልቅ መርከብ ባሕር ላይ መብራት ቢጠፋበት ምን ይሆናል? እንደ ቡሽ መንሳፈፍ ነዋ!

በኩዊን ሜሪ 2 የደረሰው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 2010፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወደ ባርሴሎና ስትቃረብ በኤሌክትሪክ ክፍሏ አንድ ካፓሲተር ፈነዳ። አራቱም ሞተሮች ቀጥ አሉ፤ መብራቱ ድርግም አለ። ደግነቱ ዙሪያው ክፍት ባሕር ነበር፤ ሰውም አልተጎዳም። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ጉዞዋን ቀጠለች።

የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪዎች ሲያጣሩ ግን የባሰ ነገር አገኙ። የካፓሲተሩን መዳከም ያሳብቃል የተባለው ብቸኛ መሣሪያ ራሱ ለዓመታት አይሠራም ነበር። ስላልጮኸ ሁሉ ሰላም ይመስል ነበር። እናም ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ጠባቂውን ፈትሹ። ጠባቂው ከተኛ ማን ይቀሰቅሰዋል?