የማይቆፈር ጉድጓድ ሒሳብ

የተቀበረ የፍሳሽ ቱቦ ሲሰነጠቅ መንገዱን ሰብሮ፣ አፈሩን አውጥቶ፣ አሮጌውን በአዲስ መተካት ለረጅም ዘመን ብቸኛው መፍትሔ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር ቱቦው እንደተቀበረ ከውስጥ ይታደሳል። የሙያው ሰዎች ይህን ለውጥ ሲተርኩ የአንድ ብልህ ፈጣሪ ታሪክ ያደርጉታል። እኔ ፈጠራውን የማየው ዘግይቶ እንደመጣ መልስ ነው። ጥያቄውን ያመጣው ከቱቦው በላይ ያለው ከተማ እየተወደደ መሄዱ ነው፤ ቱቦ ምን ያህል ያወጣል ሲባል በሒሳቡ ውስጥ የሚገባው ነገር ተለወጠ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከለንደን እንነሣ። በ1858 የበጋ ሙቀት የቴምዝ ወንዝ ግማት የፓርላማ አባላቱን መቀመጫ ሲያሳጣቸው፣ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ሲጠይቅ የኖረው ገንዘብ በፍጥነት ተፈቀደ። 132 ኪሎ ሜትር ዋና የፍሳሽ መስመር ተሠራ፤ 318 ሚሊዮን ጡብ ፈጀ። ቁፋሮው ከተማዋን አምሷታል፤ ነገር ግን ያኔ በሒሳብ የሚያዘው ጡቡ፣ ሲሚንቶውና የሠራተኛው ደመወዝ ነበር። ከመሬት በታች የውሃና የጋዝ ቱቦ ቢኖርም የኤሌክትሪክና የስልክ ገመድ ገና አልተቀበረም፤ በላዩም የሚያልፈው በፈረስ የሚጎተት ጋሪ ነው። ከየቤቱ ወደ ዋናው መስመር የሚወርደው ቅርንጫፍ የሚሠራው ደግሞ ከሸክላ ነበር። ሄንሪ ዶልተን በ1846 ላምቤዝ ላይ ይህን ቱቦ በብዛት ማምረት ጀመረ። አንዱ ቁራጭ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 15 ሜትር ርዝመት ያለው የቤት መስመር 24 መጋጠሚያ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ይመረጋል። መሬቱ ትንሽ ሲሰጥም ምርጊቱ ይነቃል፤ እርጥበት የሳበው የዛፍ ሥር በፀጉር ቅጥነት ይገባና ውስጥ ሲደርስ ይወፍራል፤ ወረቀትና ቅባት ይይዛል፤ ቱቦው ይታፈናል። ሸክላው ራሱ ግን አይበሰብስም። የተበላሸው መጋጠሚያው ነው፤ አካሉ አቅጣጫውንና ተዳፋቱን ጠብቆ ይቆያል። ያለ ቁፋሮ መጠገን የሚቻለው አሮጌው ቱቦ እንዲህ ቅርጹን ሲጠብቅ ነው፤ ለአዲሱ ቅርጽ ማውጫ የሚሆነው እሱ ነውና።

ይህን የተረዳው እንግሊዛዊው ኤሪክ ዉድ ነበር። በ1971 በምሥራቅ ለንደን፣ ሃክኒ ውስጥ፣ ማርሽ ሌን በተባለው መስመር 70 ሜትር ያህል ከውስጥ አለበሰ። መስመሩ 100 ዓመት ገደማ የሞላው፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው የጡብ ቦይ ነበር። ወፍራም የፌልት ጨርቅ በፖሊስተር ሬዚን ተነክሮ ወደ ቦዩ ተጎተተ፣ ተነፍቶ ከግድግዳው ተለጠፈ፣ እዚያው ደረቀ። ኋላ ላይ ጨርቁን መጎተት ቀርቶ በውሃ ግፊት እንደ እጅጌ እየገለበጡ ማስገባት ተለመደ፤ በሬዚን የራሰው ገጽ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ሲገለበጥ ነው። ዘዴው በ1976 አሜሪካ ገባ፤ ፍሬዝኖ፣ ካሊፎርኒያ። ልብ ይበሉ፤ ፌልትም ሬዚንም በ1971 አዲስ ነገር አልነበሩም። አዲሱ ነገር የለንደን መንገድ ነው፦ አስፋልቱ፣ መኪናው፣ ከሥሩ የተደራረበው ገመድ። ስለዚህ ጀማሪዎቹ ደንበኞች የከተማ አስተዳደሮች ቢሆኑ አያስገርምም፤ መንገድ መዝጋት ምን እንደሚያስከፍል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የቤት ቱቦ ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው። አንዱ ምክንያት የሥራው ጠባይ ነው፤ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ይጠማዘዛል፣ መግቢያውም ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ሌላውና የከበደው ምክንያት የከፋዩ ማንነት ነው። በእንግሊዝ አገር ብዙ የግል ቅርንጫፎች ወደ ውሃ ኩባንያዎች የተላለፉት ጥቅምት 1 ቀን 2011 ነው፤ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች እስከ ዋናው መስመር ያለው ቱቦ ዛሬም የባለቤቱ ዕዳ ነው። ባለቤቱ ደግሞ የሚሳሳለት የመንገዱ ትራፊክ የለውም፤ ያለው በረንዳው፣ ዛፉና የመኪና መግቢያው ሲሚንቶ ነው። እነዚህ ከቱቦው ዋጋ ሲበልጡ ነው ዘዴው ወደ ግቢ የገባው። ሥራው ራሱ የአንድ ቀን ሊሆን ይችላል፦ ካሜራ ይገባል፣ ሥሩ ይቆረጣል፣ ቱቦው በኃይለኛ ውሃ ይታጠባል፣ በሬዚን የራሰው ጨርቅ በአየር ግፊት ይገፋል፣ በውስጡ ፊኛ ተነፍቶ በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት ይደርቃል። ፊኛው ሲወጣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ መጋጠሚያ የሌለው ቱቦ ይቀራል።

ይህ ልባጭ መለጠፍ እንጂ ጥገና አይደለም የሚሉ አሉ። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን በናሙና ላይ ነው። ከማርሽ ሌን ከ20ና ከ30 ዓመት በኋላ ናሙና ተቆርጦ ሲፈተሽ ጥንካሬውን እንደያዘ ተገኝቷል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2012 ባወጣው ጥናት የዴንቨርና የኮሎምበስ አሮጌ ልባጮች የታሰበላቸውን 50 ዓመት ሊዘልቁ እንደሚችሉ ደምድሟል። ቱቦውን ያጠብባል የሚለውም እውነት ነው፤ ለስላሳነቱ ግን በአብዛኛው ያካክሰዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ልባጭ የሚከተለው አሮጌውን ቅርጽ ስለሆነ ስሕተቱንም ይወርሳል። መሐሉ የሰጠመ ቱቦ ቢለበጥም እንደሰጠመ ነው። በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብረት ሲወደድ በብዙ ቤት የተቀበረው ‹‹ኦሬንጅበርግ›› የተባለ ቱቦ ከእንጨት ጭረትና ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የተሠራ ነበር፤ በአፈሩ ክብደት ሞላላ ይሆናል፣ ውስጡም ይቆስላል። ፋብሪካው በ1972 ተዘጋ። ቅርጹን ያጣ ቱቦ ልባጭ አይሸከምም፤ እዚህ ላይ የሚረዳው አሮጌውን ከውስጥ እየሰበሩ አዲስ ፕላስቲክ ከኋላ መጎተት ነው። ይህንንም ዘዴ የወለደው ሌላ መሥሪያ ቤት የያዘው ሒሳብ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ብሪቲሽ ጋዝ ያረጁ የብረት ቱቦዎቹን መንገድ ሳይዘጋ ለመተካት ፈልጎ ነበር።

‹‹ያለ ቁፋሮ›› የሚለው ስም ራሱ ትንሽ ያጋንናል፤ ለመግቢያና ለመውጫ ጉድጓድ የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ የሚከብደው የሬዚኑ ጉዳይ ነው። በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ስታይሪን የሚባል ኬሚካል አለ። በ2017 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢንዲያናና ካሊፎርኒያ ውስጥ ናሙና ወስደው፣ ከሥራው ቦታ የሚወጣው ነጭ ጭስ ተራ እንፋሎት ብቻ እንዳልሆነ፣ ስታይሪንና ሌሎች ኬሚካሎችን እንደሚይዝ አሳይተዋል። ቁፋሮ የናፍጣ ጭስና የአቧራ ዕዳ አለበት የሚል መከራከሪያ ቢቀርብም፣ አንዱ ጉዳት ሌላውን አያጠፋም። ስታይሪን የሌለባቸው ሬዚኖች አሉ፤ ከተለመደው ፖሊስተር ግን ይወደዳሉ። ልዩነቱን ከፋዩ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ጭሱን የሚተነፍሱት ሠራተኛውና ጎረቤቱ ናቸው፣ በዋጋ ማቅረቢያው ወረቀት ላይም እስካሁን ቦታ አልተሰጣቸውም።