ጎርናናው ድምፅ፦ ከበገና እንዚራ እስከ ጊታር ፔዳል

ልጅዎ ኤሌክትሪክ ጊታር መለማመድ ከጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ «አሁን ደግሞ የዲስቶርሽን ፔዳል ግዙልኝ» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? እዚህ ዊተንና ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ወላጆች ስንገናኝ ይህ ጥያቄ ይነሣል። ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «ጊታሩን የገዛንልህ ዘፈን እንድትማርበት እንጂ ጎረቤት እንድትረብሽበት አይደለም፤ ደግሞስ ይህ የፈረንጅ ጩኸት ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ነው።

በዚህ መልስ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው መቶ ዶላርም ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ግን ይከብዳል፤ የልጁ ጆሮ ከእኛ ጆሮ ተለይቷል የሚል ፍርድ ነው። እኔ አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፤ ዛሬ ታክሲ እነዳለሁ። ጉዳዩን በታሪኩም በሳይንሱም በኩል አይቼ፣ ፍርዱ ትክክል አለመሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሳችን ቤት እንጀምር። በገና ዐሥር አውታር አለው። አውታሮቹ በጥንቱ ልማድ ከበግ አንጀት ይሠራሉ፤ ገበቴው ከእንጨት ተፈልፍሎ በከብት ቆዳ ይለበጣል። አባቶች ዐሥሩን አውታር በዐሠርቱ ቃላት ይመስሉታል። በገናን ከክራር የሚለየው ግን መጠኑ ብቻ አይደለም። አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ ላይ፣ በእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ደርዳሪው ይህችን ቁራጭ በጥቂቱ እየገፋና እየሳበ ያስተካክላታል። ልክ ቦታዋን ስታገኝ፣ አውታሩ ሲንቀጠቀጥ ነካ ለቀቅ እያደረገ ያን ሁላችንም በዐቢይ ጾም የምናውቀውን ጎርናና ድምፅ ያወጣል። እንዚራዋ ብትወጣ ድምፁ ይጠራል፤ ነገር ግን በገናነቱ ይጎድላል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። አባቶቻችን ጥርት ያለ ድምፅ ማውጣት ተስኗቸው አይደለም፤ ክራሩ አለና። ሆን ብለው፣ በብልሃት፣ በአንዲት ቁራጭ ቆዳ ድምፁን አጎረነኑት። በገና የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ ስለሆነ ከዳንስ ቤት ጊታር ጋር በክብር አላስተካክለውም። የምናገረው ስለ ጆሮ ብቻ ነው። ጎርናና ድምፅ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ ነው ማለት «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንደሚባለው ነው።

የጊታሩስ ነገር እንዴት ነው? የጊታር ክር ሲመታ የሚፈጠረው ሞገድ እንደ ኮረብታና ሸለቆ ከፍ ዝቅ ይላል። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የኮረብታው ጫፍ ይቆረጥና እንደ አምባ ጠፍጣፋ ይሆናል። ሞገዱ እንዲህ ሲቆረጥ ከዋናው ድምፅ በላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይጨመሩበታል፤ ሻካራነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ጫፉ ስለተቆረጠ ኃይለኛውና ደካማው ድምፅ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ እንደ ክራር ተመትቶ ወዲያው የሚጠፋው የጊታር ድምፅ እንደ ማሲንቆ እየተሳበ ይቆያል።

ይህን ድምፅ አሜሪካ ውስጥ ያስገኘው ሀብት አይደለም፤ የተበላሸ ዕቃ ነው። በ1951 «ሮኬት 88» የተባለው ዘፈን ሲቀረጽ የጊታሪስቱ የዊሊ ኪዛርት አምፕሊፋየር ተጎድቶ ነበር፤ ሻካራው ድምፅ እንዳለ ተቀረጸ። በ1958 ደግሞ ታሪኩ ወደ እኛ አካባቢ መጣ። ሊንክ ሬይ የተባለው ጊታሪስት በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር፣ በወታደርነቱ ጊዜ በያዘው የሳንባ ነቀርሳ አንድ ሳንባውን ያጣ ሰው ነበር። በአይ-95 ወደ ደቡብ ስንነዳ በምናልፋት በፍሬድሪክስበርግ፣ ቨርጂኒያ፣ በአንድ የጭፈራ ምሽት «ራምብል» የተባለውን ዜማ ፈጠረ። ስቱዲዮ ገብቶ ሲቀርጸው ግን ድምፁ ከልክ በላይ ጠራበት። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በእርሳስ በሳሳው። ዜማው አንድም ቃል የለበትም፤ ሆኖም አንዳንድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ወጣቶችን ለጠብ ያነሣሣል ብለው አናሰማም አሉ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይጠበቁ ብሎ ከመዘገባቸው ድምፆች አንዱ ሆነ።

ናሽቪል ውስጥ የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ሲቀረጽ ከማደባለቂያው አንዱ መስመር ተበላሸ። የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን ከመጣል ይልቅ የሚደግም መሣሪያ ሠራ፤ ጊብሰን ኩባንያም በ1962 «ማይስትሮ ፈዝ ቶን» ብሎ ለገበያ አወጣው። የፔዳል ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መሣሪያው መጀመሪያ ጊታርን እንደ ነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ ያስጮኻል ተብሎ የተሸጠ ሲሆን ገዢ ያገኘው ግን በ1965 ሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» ላይ ከተጠቀሙበት በኋላ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው «አርባ ልጆች» ጀምሮ ጆሮው በነሐስ ማርሽ ባንድ ለተቃኘ ሕዝብ፣ ይህ የትንፋሽ ድምፅም ቢሆን እንግዳ ሊሆን አይችልም።

የሠፈራችንም ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ቪርስ ሚል ሮድ ላይ ያለውን የቸክ ሌቪንን የሙዚቃ መሣሪያ መደብር የማያውቅ የዊተን ነዋሪ አይኖርም። መደብሩ የተከፈተው ሊንክ ሬይ ስፒከሩን በበሳበት በዚያው በ1958 በዋሽንግተን ኤች ስትሪት ላይ ነበር። በ1968 ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሣው ብጥብጥ ወደመና ባለቤቶቹ ዊተን ላይ እንደገና ጀመሩ።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። አምሃ እሸቴ በ1969 የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ደፍሮ አምሃ ሬኮርድስን ባቋቋመበት ዘመን የከተማዋ ባንዶች ኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን ይዘው ነበር። ሙላቱ አስታጥቄ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካስቀረጻቸው ሥራዎች በአንዳንዶቹ የፔዳል ዘመድ የሆነው ዋው ዋው በእኛ ቅኝት ሲናገር ይሰማል። በ1975 የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ሲወጣ አጃቢው አይቤክስ ባንድ ነበር። በዚያ ዘመን ግን መሣሪያው በአብዛኛው የክቡር ዘበኛ፣ የቴአትር ቤቱ ወይም የዳንስ ቤቱ ንብረት ነው። ሙዚቀኛው ሥራውን ሲለቅ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያስ ባንድ የሚከበርበት አንዱ ምክንያት አባላቱ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው በነፃነት መሥራታቸው ነው።

የዋልያሱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ቀረ። በ1985 ብቻውን በአኮርዲዮን፣ በኤሌክትሪክ ፒያኖና በሲንተሳይዘር አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ፤ መንገደኛ በሚጠብቅበት ጊዜ ትንሿን ኪቦርድ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ለእኛ ለታክሲ ነጂዎች ይህ ታሪክ ትልቅ ነገር ነው። ያቆየው ውድ ዕቃ አይደለም፤ ትንሽም ብትሆን የራሱ የሆነች መሣሪያ ነች። ጎርናናውን ጊታር ሙሉ በሙሉ ወደ አማርኛ ዘፈን ያስገባው ጃኖ ባንድም በ2012 «ኤርታሌ» የተባለ አልበሙን ይዞ ብቅ አለ።

ታሪኩ ይህን ካስተማረን፣ ግዢው ቀላል ነው። በመጀመሪያ ፔዳሉ ያስፈልግ እንደሆነ ይዩ። ብዙ ትንንሽ አምፕሊፋየሮች «ጌይን» የሚል ማዞሪያ አላቸው፤ እሱን ከፍ፣ ዋናውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ልጁ ይሞክረው። ካልበቃው ሦስት ዓይነት አለ። «ኦቨርድራይቭ» ጫፉን ለስለስ አድርጎ ይቆርጣል፤ «ዲስቶርሽን» ጠበቅ አድርጎ ይቆርጣል፤ «ፈዝ» ደግሞ አምባውን ከነግድግዳው ያቆመዋል። ለጀማሪ መካከለኛው ይበቃል። ቦስ ኩባንያ ከ1978 ጀምሮ የሚሠራው ብርቱካናማው «ዲ ኤስ-1» ዛሬም አዲሱ ከመቶ ዶላር በታች ይሸጣል፤ ያገለገለው ደግሞ ከዚያ ይረክሳል። ውስጡ ጥቂት ትራንዚስተርና ዳዮድ ስለሆነ፣ እጥፍ ዋጋ ያለው ፔዳል እጥፍ ሙዚቃ አይሰጥም።

መደብር ሲሄዱ ልጁ የራሱን ጊታር ይያዝ፤ ቤት ያለውን በሚመስል አምፕሊፋየር ላይ፣ በአፓርታማ በሚቻለው ዝቅተኛ ድምፅ ይሞክረው። የፔዳል ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ጎረቤት ሳይነቃ የኃይለኛ አምፕሊፋየርን ጠባይ ይሰጣል። ፔዳሉን በቀጥታ ከአዳራሽ ማደባለቂያ ጋር አያገናኙት፤ ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያለዝበው የጊታር ስፒከር ስለማይኖር እንደ ንብ መንጋ ይጮኻል። ልምምድ ሲያበቃ ገመዱን ከፔዳሉ መንቀል አይርሱ፤ ገመዱ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው ያልቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። በዲስቶርሽን ላይ ብዙ ድምፆች ባንዴ ሲመቱ ይደበላለቃሉ፤ አንድ ነጠላ ዜማ ግን ጎልቶ ይወጣል። የእኛ ዜማ ደግሞ ጥንቱንም በነጠላ መስመር የሚሄድ ነው። ስለዚህ ፔዳሉን ሲገዙለት አንድ ውል ይግቡ፤ የመጀመሪያው የሚማረው ዜማ ትዝታ ወይም ባቲ ይሁን። እርስዎም አጠገቡ ቁጭ ብለው «እዚህ ላይ ሳብ አድርገው» ይበሉት። ቅኝቱን የሚያውቁት እርስዎ፣ መሣሪያውን የሚያውቀው እሱ ነው። ልጆቻችን አማርኛውን እየረሱብን ባለበት አገር፣ በስድሳና በሰባ ዶላር ከልጅ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጥ ነገር ከተገኘ ተወደደ አይባልም።